ለቀዝቃዛ ውሃ የሚሆን የዳይቪንግ ሬጉሌተር አመራረጥ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሱ

ደሴ ቁጭ ብሎ ስለ ዳይቪንግ ማውራት ለብዙ ሰው ቀልድ ነው። «ባሕሩ የታለና?» ይባላል። ባሕሩስ የለም። ግን ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ ሐይቅ የሚባለው ሐይቅ አለ፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ከኮምቦልቻ የሚነሳው የከባድ መኪና መንገድ ደግሞ በሚሌ በኩል አድርጎ ጅቡቲ ባሕር ዳር ያወጣል። በዚያ ላይ የወሎ ልጅ ያልደረሰበት አገር የለም። አንዱ ዱባይ ነው፣ አንዷ ቤሩት፣ ሌላው ኦስሎ። እዚያ መጥለቅ የሚማሩ አሉ። ለእረፍት ሲመጡ ዕቃ ይዘው የሚመጡም አሉ። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፦ «ይሄ ሬጉሌተር ለቀዝቃዛ ውሃ ይሆናል ወይስ ሌላ ልግዛ?»

መልሱ ከብራንድ አይጀምርም። የምትገቡበት ውሃ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ከማወቅ ይጀምራል። የሚያልቀው ደግሞ ዕቃውን ማን ሰርቪስ ያደርግላችኋል የሚለው ላይ ነው። ሰው የሚጨቃጨቀው መሀል ላይ ባለው ነው፤ የሚሳሳተው ግን ጫፍና ጫፉ ላይ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንተማመን። ይህ መመሪያ ዕቃ ለመምረጥ ነው እንጂ መጥለቅ አያስተምርም። ኮርስ ሳይወስዱ ሬጉሌተር አፍ ላይ አድርጎ መግባት በነፍስ መቀለድ ነው።

ቅዝቃዜው ከየት ይመጣል?

ሬጉሌተር ማለት ሲሊንደር ውስጥ የታመቀውን አየር ሳንባ ሊስበው ወደሚችለው ግፊት የሚያወርድ መሣሪያ ነው። ሥራውን በሁለት እርከን ይሠራዋል። ሲሊንደሩ አንገት ላይ የሚታሰረው ፈርስት ስቴጅ ይባላል። 200 ባር የነበረውን አየር፣ ዙሪያው ካለው የውሃ ግፊት ከ9 እስከ 10 ባር ብቻ ወደሚበልጥ ግፊት ያወርደዋል። አፍ ላይ የሚያዘው ሰከንድ ስቴጅ ነው። እሱ የቀረውን ያወርድና ስትስቡ ብቻ አየር ይሰጣችኋል።

አሁን ኮምቦልቻ መንገድ ዳር ካሉት ጎሚስታዎች አንዱ ጋ ቁሙ። ልጁ የከባድ መኪና ጎማ ሲያስተነፍስ ጣታችሁን ቫልቩ ፊት አድርጉ። ፊሽ ብሎ የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ነው። ጎማው ውስጥ ያለው ግፊት 8 ባር ቢሆን ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው 200 ነው። የታመቀ አየር ሲለቀቅ ይቀዘቅዛል፤ ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ቅዝቃዜውም ይብሳል።

ውሃው 20 ዲግሪ ሲሆን ችግር የለም። ውሃው ራሱ የፈርስት ስቴጁን ብረት ያሞቀዋል። ውሃው 4 ዲግሪ ሲሆን ግን የሚያሞቅ ነገር የለም። ውስጥ የሚያልፈው አየር ከዜሮ በታች ይወርዳል። የፈርስት ስቴጁን ስፕሪንግ የሚነካ ውሃ ካለ በረዶ ይሠራል። በረዶው ቫልቩ እንዳይዘጋ ይይዘዋል። ቫልቩ ካልተዘጋ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ሰከንድ ስቴጁ መያዝ ያቅተዋል፣ አየሩ ሳትስቡት ይጎርፋል። ጠላቂዎች ፍሪ ፍሎው የሚሉት ይህን ነው።

ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር አለው። 20 ሜትር ላይ ግፊቱ ወደ 3 ባር ነው። ስለዚህ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው እዚያ 60 ሊትር ይጨርሳል። ያ ወደ 40 ደቂቃ ይሆናል። ፍሪ ፍሎው ከጀመረ ግን ያው አየር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ባዶ ይቀራል። የሚጎርፈው አየር ደግሞ ይበልጥ ያቀዘቅዛል፤ በረዶው በራሱ ጊዜ ይለቃል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ሁለተኛው የሚቀዘቅዝ ቦታ አፋችሁ ጋ ያለው ሰከንድ ስቴጅ ነው። እዚያ ችግሩ ትንፋሽ ነው። የምታስወጡት ትንፋሽ እርጥብ ነው፤ እርጥበቱ በውስጡ ቫልቩን የምትከፍተው ትንሿ ማንሻ ላይ በረዶ ይሠራል። ውጤቱ ያው ነው።

አንደኛ፦ ውሃችሁን ዕወቁ

መስመሩ 10 ዲግሪ ነው። የአውሮፓው የሬጉሌተር መስፈርት ኢኤን 250 ከዚህ በታች ያለውን ውሃ ቀዝቃዛ ይለዋል። ከ10 በላይ ከሆነ ጤነኛ የሆነ ማንኛውም ሬጉሌተር ይሠራል። ከ10 በታች ከሆነ መምረጥ ግድ ነው። 5 እና ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ ዕቃው ብቻውን አይበቃም፤ ሥልጠናም ያስፈልጋል።

በዚህ ስንለካው የኛው ሐይቅ ቀዝቃዛ ውሃ አይደለም። ጠዋት እግር ስትነክሩ ያንዘፈዝፋል፤ ግን ከ10 ዲግሪ በብዙ ይበልጣል። ጅቡቲም ሙቅ ነው። ለእነዚህ ሁለቱ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ለቀዝቃዛ ውሃ ተብሎ ለሚሸጠው ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ግዴታ የለባችሁም።

ነገሩ የሚለወጠው ሰሜን አውሮፓ ስትሄዱ ነው። የኖርዌይ ፊዮርዶች በክረምት ከመስመሩ በታች ናቸው። አይስላንድ ውስጥ ሲልፍራ የሚባለው ስንጥቅ ዓመቱን ሙሉ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው። ብዙ ሰው የሚዘናጋው ግን በጀርመንና በስዊዘርላንድ ሐይቆች ነው። በሐምሌ ላዩ 22 ዲግሪ ሆኖ ሰው ይዋኝበታል። ወረድ ብላችሁ ቀዝቃዛው ንብርብር ውስጥ ስትገቡ 5 ወይም 6 ዲግሪ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ የሚጠየቀው የላዩ ሙቀት አይደለም። «የምንወርድበት ጥልቀት ላይ ስንት ዲግሪ ነው?» በሉ።

የሐይቅ ውሃ ከባሕር ውሃ ይልቅ ለበረዶ ይቀርባል። ጨው የሌለው ውሃ ዜሮ ላይ ይረጋል። የባሕር ውሃ ግን 2 ዲግሪ ገደማ ከዜሮ በታች ካልወረደ አይረጋም። ስለዚህ «ባሕር ውስጥ በ6 ዲግሪ ሠርቶልኛል» ያለ ሰው ሐይቅ ውስጥ በዚያው 6 ዲግሪ ላይ መተማመኛ የለውም።

ሁለቱንም ዓይነት ውሃ ለማየት የምታስቡ ከሆነ በጣም ለሚቀዘቅዘው ግዙ። የቀዝቃዛ ውሃ ሬጉሌተር ሙቅ ውሃ ውስጥ ያለችግር ይሠራል። የሙቁ ግን ቀዝቃዛ ውስጥ አይሠራም።

ሁለተኛ፦ ምልክቱን አንብቡ

ፈርስት ስቴጁን ወደ ብርሃን አዙሩት። የኢኤን 250 ቁጥር ተቀርጾበት ታገኛላችሁ። አጠገቡ «>10°» የሚል ካለ ይህ ሬጉሌተር የቀዝቃዛ ውሃ ፈተና አላለፈም ወይም አልተፈተነም። ሻጩ ምንም ቢል ወሬው እዚያ አለቀ።

ፈተናው ቀላል አይደለም። 50 ሜትር ጥልቀት ያለ ያህል ግፊት ውስጥ፣ በደቂቃ 62.5 ሊትር እየተነፈሰ፣ 4 ዲግሪ አካባቢ ባለ ውሃ ውስጥ ነው የሚፈተነው። ያ በጣም የደነገጠና የሚታገል ሰው አተነፋፈስ ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ኤ የሚል ፊደል ካለ ደግሞ ከአንዱ ፈርስት ስቴጅ ሁለት ሰው ቢተነፍስም ተፈትኗል ማለት ነው። ለጓደኛ አየር ማካፈል ሲመጣ ይህ ፊደል ዋጋ አለው።

ምልክቱን ያለፈ ዕቃ ፈጽሞ አይቀዘቅዝም ማለት ግን አይደለም። ዝቅተኛውን መስፈርት አሟልቷል ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ ፈርስት ስቴጁን በእጃችሁ ያዙ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ ገንዘቡም ደህንነቱም ያለው እዚህ ነው።

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ፤ ፒስተንና ዳያፍራም። በተለመደው ፒስተን ውሃው በአካሉ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ይገባና ስፕሪንጉን በቀጥታ ይነካል። ግፊቱን የሚያውቀው በዚያ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ አየር በደንብ ይሰጣል። ሙቅ ውሃ ላይ የሚወደድ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ግን ያ የገባው ውሃ ነው በረዶ የሚሆነው።

ዳያፍራም ላይ ውሃውንና የውስጡን ክፍል አንድ ወፍራም የጎማ ሽፋን ይለያቸዋል። ግን ልብ በሉ፤ ዳያፍራም የሆነ ሁሉ ታሽጓል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ላይ ስፕሪንጉ አሁንም ውሃ ውስጥ ነው። የምትፈልጉት ከውጭ ሁለተኛ ሽፋን ያለውን ነው። ያኔ ስፕሪንጉ ያለበት ክፍል ደረቅ ሆኖ ይቀራል። የውሃውን ግፊት ወደ ውስጥ የሚያስተላልፈው በመሀል ያለች የፕላስቲክ ዘንግ ናት።

እንዴት ትለያላችሁ? ዕቃውን አገላብጡት። ዙሪያውን ጥፍር የሚያህሉ ክፍት ቀዳዳዎች ካሉና በእነሱ ውስጥ ስፕሪንግ ከታያችሁ ክፍት ነው። ጫፉ ላይ ለስላሳ የሲሊኮን ገጽ ካለና ስፕሪንጉ ከየትም በኩል ካልታየ የታሸገ ነው። ያን ገጽ በአውራ ጣት ጫን በሉት፤ ትንሽ ገባ ይልና ይመለሳል። የተሰነጠቀ ወይም ጠርዙ የተነሳ ከሆነ ማሸጊያው አበቃ።

ስም ጥሩ ካላችሁኝ አፔክስ ኤክስቲኤክስ 50፣ ስኩባፕሮ ኤምኬ 17 እና ማሬስ አቢስ 22 ኔቪ ለቀዝቃዛ ውሃ የታወቁ የታሸጉ ዳያፍራሞች ናቸው። የስዊድኑ ፖሲዶንም በዚያ በኩል ትልቅ ስም አለው። ግን የፋብሪካ ስም ብቻ አይታችሁ አትግዙ። ስኩባፕሮ ኤምኬ 25 ፒስተን ነው፣ ኤምኬ 17 የታሸገ ዳያፍራም ነው። ፋብሪካው አንድ፣ ውስጡ ሌላ። «ስኩባፕሮ ነው» ብሎ የሚጨርስ ሻጭ ምንም አልነገራችሁም።

«ባላንስድ» የሚል ቃልም ትሰማላችሁ። ሲሊንደሩ እየጎደለ ሲመጣም አተነፋፈሱ አይከብድም ማለት ነው። የዛሬዎቹ የታሸጉ ዳያፍራሞች አብዛኞቹ ባላንስድ ናቸው፤ ብዙ አትጨነቁበት።

አራተኛ፦ ሰከንድ ስቴጁ

እዚህ ሦስት ነገር እዩ። አካሉ ወይም ቢያንስ ቱቦው የሚገባበት ክፍል ብረት ይሁን። ብረት ሙቀትን ከውሃው ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ሙሉ ፕላስቲክ ግን አያስገባም። አንዳንዶቹ ላይ ቱቦው ከሚገባበት አጠገብ ሽንሽን ያለው ብረት ታያላችሁ፤ ያ ለዚሁ የተሠራ ነው።

ሁለተኛ፣ የአየሩን ፍሰት የሚቀንስ ማብሪያ ይኑረው። ብዙዎቹ ላይ በጎን በኩል ያለች ትንሽ ማንሻ ናት። ወደ ውሃ ስትገቡ ወደ ዝቅተኛው ታደርጓታላችሁ፤ ያኔ በትንሹ ተነክቶ መጉረፍ አይጀምርም። ሦስተኛ፣ በጓንት ይሠራ። ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ ያችን ማንሻ ማንቀሳቀስ ካልቻላችሁ ጥቅም የላትም። ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ሞክሩት። ሰው ይስቅባችኋል፤ ይሳቅ።

በጣም ልል ሆኖ የተስተካከለ ሬጉሌተር ሱቅ ውስጥ ሲስቡት ደስ ይላል። ለቀዝቃዛ ውሃ ግን ትንሽ ጠበቅ ያለው ይሻላል። ይህን የሚያስተካክለው ቴክኒሻኑ ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

አምስተኛ፦ ማሰሪያው

ሁለት ዓይነት አለ። ሲሊንደሩን እንደ ቀንበር ከላይ አቅፎ በብሎን የሚጠብቀው ዮክ ይባላል፤ እስከ 232 ባር ነው። ቫልቩ ውስጥ ጠልቆ በጥርስ የሚታሰረው ዲን ነው፤ የ300 ባሩ ዲን ለ200ውም ለ300ውም ይሆናል። ለቀዝቃዛ ውሃ ዲን ውሰዱ። አየር እንዳያመልጥ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት፣ ኦ-ሪንጉ፣ ታፍኖ ስለሚቀመጥ በቀላሉ አይወጣም። አውሮፓም የለመደው እሱን ነው። ቀይ ባሕር ወይም ባሕረ ሰላጤው ስትሄዱ ዮክ ብቻ ካጋጠማችሁ ትንሽ ማገናኛ ትገዛላችሁ። በቃ።

ስድስተኛ፦ አንድ ፈርስት ስቴጅ ወይስ ሁለት?

ከ5 ዲግሪ በታች ለሚወርድ ሰው መልሱ ሁለት ነው። ሁለት መውጫ ያለው ቫልቭ፣ ሁለት ፈርስት ስቴጅ፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሰከንድ ስቴጅ። አንዱ ፍሪ ፍሎው ሲጀምር ወደ ሌላው ትቀይሩና የተበላሸውን ቫልቭ ትዘጉታላችሁ። አየሩ ይቆማል፣ በረዶውም ይቀልጣል። በአንድ ፈርስት ስቴጅ ላይ ግን መዝጋት ማለት ራስን ማፈን ነው።

ወጪው ከፍ ይላል፤ አይካድም። ለዚህ ነው ለሐይቅና ለጅቡቲ ብቻ ለሚገዛ ሰው አያስፈልግም የምለው።

ሰባተኛ፦ ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ዕቃ

እኛ ጋ ዕቃ የሚገባው በአብዛኛው በዘመድ ሻንጣ ነው። ደሴ ፒያሳን ከላይ እስከ ታች ብትዞሩ ሬጉሌተር አታገኙም፤ ሸዋ በርም ብትወርዱ ያው ነው። ስለዚህ «እህቴ ከዱባይ ትልክልኛለች» ይባላል። ጥሩ ነው። ግን ባሕረ ሰላጤው ሙቅ ውሃ ነው። እዚያ በርካሽ የሚሸጡት ያገለገሉ ዕቃዎች ለዚያው ውሃ የተገዙ ናቸው። ኖርዌይ ልትማሩ ስትሄዱ ያን ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ኦስሎ ያለው ዘመድ የተጠቀመበት ያገለገለ ዕቃ ቢወደድም ለቀዝቃዛው ይቀርባል።

ላኪው ገና ሳይገዛ በቪዲዮ ደውሉና ይህን እንዲያሳያችሁ አድርጉ።

መጀመሪያ አየሩ የሚገባበትን ትንሽ ማጣሪያ። ክዳኑን አንስቶ ካሜራውን ወደ ውስጥ ያስጠጋ። ብርማና ንጹሕ መሆን አለበት። አረንጓዴ ከሆነ የጨው ውሃ ገብቶበታል። ቀላ ያለ ከሆነ ከብረት ሲሊንደር ዝገት ደርሶበታል። ጥቁር ብናኝ ካለበት ደግሞ የተሞላበት ኮምፕሬሰር ማጣሪያ ጤነኛ አልነበረም። ማጣሪያው ይህን ካሳየ ውስጡ ከዚያ እንደማይሻል ገምቱ።

ቀጥሎ ቱቦዎቹን። ብረቱና ጎማው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጠምዘዝ አድርጎ ያሳያችሁ። የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ጎማ ሽፋን ተደርጎበት ከሆነ ሽፋኑ ይንሸራተት፤ ስንጥቁ የሚደበቀው ከሥሩ ነው።

ሦስተኛ፣ ያለ ሲሊንደር የሚሠራ ፈተና። የፈርስት ስቴጁን ክዳን በደንብ ዘግቶ ሰከንድ ስቴጁን አፉ ውስጥ አድርጎ ይሳብ። ምንም አየር መምጣት የለበትም። ምላስ እስኪሳብ ድረስ መያዝ አለበት። አየር ከገባ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ፤ ብዙ ጊዜ የሰከንድ ስቴጁ የጎማ ሽፋን ወይም የማስወጫው ቫልቭ ነው። ይህን ፈተና ዕቃው ደሴ ከደረሰ በኋላ ቤታችሁም ደግማችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

አራተኛ፣ ሰርቪስ የተደረገበት ወረቀት። ወረቀት ከሌለ ዋጋው ላይ የሙሉ ሰርቪስ ወጪ ጨምሩበትና አስቡ። ያኔ አዲሱ ርካሽ ሊሆን ይችላል። ቴክኒሻን ሲያየው ደግሞ በፈርስትና በሰከንድ ስቴጁ መካከል ያለውን ግፊት ይለካ በሉት። መርፌው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ መቅረት አለበት። ቀስ እያለ የሚወጣ ከሆነ የቫልቩ መቀመጫ አልቋል፤ እንዲህ ያለው ሬጉሌተር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ቀድሞ የሚጎርፈው ነው።

ስምንተኛ፦ ሰርቪስ

ሁለት ሬጉሌተር ቀርቦላችሁ አንዱ በጣም የተወደሰ ሆኖ መለዋወጫው የማይገኝ፣ ሌላው መካከለኛ ሆኖ በምትጠልቁበት ከተማ የሚጠገን ከሆነ ሁለተኛውን ውሰዱ። እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ብዙ ፋብሪካዎች በየዓመቱ እንዲታይ፣ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ሙሉ ሰርቪስ እንዲደረግ ይጠይቃሉ። በቅዝቃዜ የሚሠራ ዕቃ ላይ ይህ አይዘለልም። መሄዳችሁ ወዴት እንደሆነ ካወቃችሁ እዚያ ያለው የዳይቪንግ ማዕከል የትኛውን ፋብሪካ ዕቃ እንደሚጠግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከዚያ ግዙ።

ኮምቦልቻ ጎበዝ መካኒክ ሞልቷል። የዲዝል ፓምፕ ፈተው የሚገጥሙ ልጆች አሉ። ሬጉሌተር ግን አትስጧቸው። የጎደለው ችሎታ አይደለም። ለዕቃው የተሠሩ መቀመጫዎችና ኦ-ሪንጎች፣ ትክክለኛው ቅባትና መለኪያው ያስፈልጋል። ተራ ግሪስ የገባበት ሬጉሌተር ኦክስጅን የበዛበት አየር ሲያልፍበት ሊነድ ይችላል።

አየሩም ያው ነው። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ሲሊንደር አይሞላም። ግፊቱ አይደርስም፣ አየሩም ዘይት አለበት። የብየዳ ቤት ኦክስጅንማ ጨርሶ አይታሰብም። ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር በታች መርዝ ይሆናል፤ ውሃ ውስጥ አንዘፍዝፎ ይጥላል። ለመተንፈሻ የሚሞላ አየር ደግሞ ደረቅ መሆን አለበት። የአውሮፓው መስፈርት እስከ 200 ባር በአንድ ሜትር ኩብ ከ50 ሚሊግራም በላይ ውሃ አይፈቅድም፤ ከ200 በላይ ከሆነ 35 ብቻ። አየሩ ራሱ እርጥብ ከሆነ ምርጡ ሬጉሌተርም ከውስጥ በረዶ ይሠራል።

ከገዛችሁ በኋላ፦ በረዶውን አትጋብዙት

ዕቃው ግማሹን ይሠራል፤ ግማሹ አያያዛችሁ ነው። ከመጥለቃችሁ በፊት ሬጉሌተሩን ሞቅ ያለ ቦታ አቆዩት። ብርድ ላይ ቆማችሁ ደጋግማችሁ አትተንፍሱበት፤ የትንፋሻችሁ እርጥበት እዚያው ይረጋል። የመጀመሪያውን ትንፋሽ ውሃ ውስጥ ሆናችሁ ውሰዱ። ሰከንድ ስቴጁ መሀል ላይ ያለውን ቁልፍ ለመሞከር ብላችሁ አትጫኑት፤ አየሩን በአንዴ ስለሚለቀው ያቀዘቅዘዋል።

ውሃ ውስጥ ሳላችሁ አየር በብዛት የሚወስድ ነገር በአንድ ጊዜ አትሥሩ። አየር የሚሞላውን የመንሳፈፊያ ጃኬት እየነፉ መተንፈስ፣ ውሃ የማያስገባውን ደረቅ ልብስም አብሮ መንፋት፣ ይህ ሁሉ በአንዱ ፈርስት ስቴጅ ውስጥ ያልፋል። አጠር አጠር አድርጋችሁ ንፉ። ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ።

ፍሪ ፍሎው ከጀመረስ? ከንፈራችሁን ሙሉ በሙሉ አትዝጉ። ትርፉ በጎን ይውጣ፣ እናንተ የሚበቃችሁን ውሰዱ። ለጓደኛችሁ ምልክት ስጡ፣ ወደ እሱ ትርፍ ሬጉሌተር ተሻገሩ፣ በደቂቃ ከ9 እስከ 10 ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ውጡ። ጠለቃው አልቋል። ይህን ሙቅ ገንዳ ውስጥ ከአስተማሪ ጋር ሳይለማመዱ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየት አይገባም።

ስታጥቡት ክዳኑ ደርቆ በደንብ መዘጋቱን ተመልከቱ። ያለ ሲሊንደር እያጠባችሁ መሀሉን ቁልፍ አትጫኑ፤ ውሃ በቱቦው ገብቶ ፈርስት ስቴጁ ጋ ይደርሳል። ከሳምንት በኋላ በረዶ የሚሆነው ያ ውሃ ነው።

ሐይቅ ላይ ለመሞከር ካሰባችሁ

ሐይቅ ቀዝቃዛ አይደለም ብያለሁ። ሌላ ጣጣ ግን አለው፤ ከፍታው። ውሃው ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ 1 ባር ይልቅ ወደ 0.8 ይጠጋል። ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ ያለ ጠለቃ ሁሉ የራሱ ስሌት አለው። ለባሕር የተሠራውን የጥልቀትና የጊዜ ሠንጠረዥ እንዳለ ብትጠቀሙ ከምታስቡት በላይ ናይትሮጅን ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ጠለቃውን የሚያሰላው የእጅ ኮምፒውተራችሁ ከፍታውን በራሱ የሚያውቅ መሆኑን ወይም እናንተ መሙላት እንዳለባችሁ መመሪያው ላይ እዩ። ከባሕር ጠረፍ አገር በአውሮፕላን የመጣ ጓደኛ ካለ ደግሞ በመጣበት ቀን አይግባ። እስጢፋኖስ ገዳም አካባቢ ከሆናችሁ ቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ የጸሎት ቦታ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን የመመለሻው መንገድ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። ከጠለቃ ወጥታችሁ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ ደሴ ስትገቡ 500 ሜትር ያህል ወጣችሁ ማለት ነው። ግፊቱ ይቀንሳል፤ ሰውነታችሁ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አረፋ የመሥራት ዕድሉ ይጨምራል። የኮምቦልቻ ልጆች «እኛ ከሐይቅም ዝቅ ያለ አገር ነው የምንገባው» ትሉ ይሆናል። ዋናው መንገድ በደሴ በኩል ነው። ቁልቁል ከመውረዳችሁ በፊት ሽቅብ መውጣታችሁ አይቀርም።

ስለዚህ ከጠለቃ በኋላ ያለውን የደሴ መንገድ እንደ አውሮፕላን ጉዞ ቁጠሩት። ለበረራ የተለመደው ምክር ከአንድ ቀላል ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግማችሁ ወይም ለቀናት ከጠለቃችሁ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ ለመብረር ያሰባችሁም በዚሁ ቁጠሩ። እኔ ብሆን ሐይቅ ከተማ ዓሣ በልቼ አድራለሁ። መገጣጠሚያ ላይ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም ያልተለመደ ድካም የሚሰማው ሰው ካለ ግን ዳገቱን ይዞ መውጣት ሳይሆን ኦክስጅን ወዳለበት በጣም ቅርብ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ሲደርስም «ጠልቄ ነበር» ብሎ በመጀመሪያ ይናገር። ለእንዲህ ያለው ሕመም የግፊት ክፍል ያለው የሕክምና ቦታ የትኛው እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ። ስልኩን ይዛችሁ ካልሆነ ውሃ አትግቡ።